የሲሚንቶው ብር የት ይዋል?

አምቦ ላይ ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣብኝ የሲሚንቶ ዋጋ ነው። ሲሚንቶ የሚመረትበት ሙገር እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን ማምረት የሚችለው የዳንጎቴ ፋብሪካ እዚያው ተመረቀ። ጎረቤት በመሆናችን ግን ዋጋው አልራራልንም። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከ7 እስከ 8 በመቶው የሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ሙግቴ አንድ ነው፦ ግድግዳው ጭቃ ይሁን፤ ያለችን ጥቂት ኩንታል ውኃ በሚያጠቃው ቦታ ትዋል።

ጭቃ ቤት የሚወድቀው ከእግሩ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ አፈር ውስጥ ሲቀበር እርጥበትና ምስጥ ሥሩን ይጨርሱታል፤ ላዩ ደህና ሆኖ ሳለ ቤቱ ያዘነብላል። እኔ ከመሬት እስከ ጉልበት በአምቦ ድንጋይ አስገነባለሁ። አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ ለሕንፃ ማልበሻ የሚውል ድንጋይ ነው፤ ለእኛ የደጃችን ነው። ሲሚንቶው ለእሱ ማያያዣ ይገባል፤ ቋሚው ከድንጋዩ በላይ ይቆማል። ጊንጪ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ጥቁሩ መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቆፍሮ አውጥቶ ገረጋንቲ ሳይሞሉ መሠረት መጣል ብር መቅበር ነው።

ጭቃው ራሱ ጥድፊያ አይወድም። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ይረገጣል፣ ለቀናት ይቦካል፣ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ልሞ ጭቃው መሽተት ሲጀምር ያኔ ደርሷል። የመጀመሪያው ምርጊት ቢሰነጣጠቅ አያስደነግጥም፤ በደንብ ከደረቀ ሁለተኛው ስንጥቁን ይዘጋዋል። ደግሞ በሐምሌ ማን ያደርቀዋል? ምርጊት የምጀምረው ጥቅምት ላይ ነው።

«ልጄ፣ በሲሚንቶ ካልተለሰነማ ምኑን ቤት ሆነው?» ይሉኛል እናቶች። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተፋል። ሲሚንቶ ላዩ ላይ ሲለጠፍ ግን እርጥበቱን ከኋላ ያፍነዋል፤ ከዚያ እንደ ቅርፊት ይነሣል። «እማማ፣ የልስኑን ብር ለአሸንዳ ያድርጉት፤ ጣሪያውንም እናስረዝመው» እላለሁ። ቆርቆሮው ከግድግዳው አንድ ክንድ ወጣ ካለ ዶፉ ጭቃውን እምብዛም አያገኘውም። አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ። የሚበዙት የመንገዱን ፊት አስለስነው ጓሮውን በጭቃው ይተዉታል። ለጥገና ስጠራ ታዲያ መሰላሌን የማቆመው በመንገዱ በኩል ነው።