«ዝርያ» ስለሚለው ቃል አጠቃቀም

በአሜሪካ የእንስሳት መጠለያዎች፣ በየውሻው ማደሪያ ላይ በሚንጠለጠለው ካርድ «ፒት ቡል» የሚል ስም ዘወትር ይነበባል። ተርጓሚ ይህን «ፒት ቡል የተባለ የውሻ ዝርያ» ብሎ ቢመልሰው ቃሉን ያላለውን ያሰኘዋል። ስሙ አሜሪካን ፒት ቡል ቴሪየርን፣ አሜሪካን ስታፎርድሻየር ቴሪየርንና እነዚህን የሚመስሉትን ሁሉ የሚያጠቃልል የወል መጠሪያ ነውና። «ዝርያ» የትውልድ ሐረግን ያመለክታል፤ የካርዱ ጸሐፊ ግን ያየው መልክን እንጂ ሐረግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በሁለት መጠለያዎች ከ900 በላይ ውሾችን በዘረ መል መርምሮ፣ ያልተቀየጠ ዝርያ ያላቸው ከመቶ 5 እንኳ እንደማይሞሉ አረጋግጧል።

ስሕተቱ በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ስም የተሰጣቸው ውሾች፣ መልካቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሌላ ስም ከተሰጣቸው ይልቅ የሚወስዳቸው ሰው ሳያገኙ ብዙ ጊዜ ይቆያሉ። ስለዚህ በመልክ ብቻ ለተለየው «ፒት ቡል መሰል» ማለት ይገባል። ዝርያው ለተደባለቀውም «ዲቃላ» ከማለት «ቅይጥ» ማለት ይመረጣል፤ የፊተኛው ስድብነት አለበትና።