የቆመው ሰው የማይናገርበት የእንግሊዝኛ ትምህርት



እንግሊዝኛን በምግብና በምግብ ቤት በኩል ማስተማር ጥሩ ዘዴ ነው፤ አልቃወመውም። ለአዲስ ገቢዎች ከተዘጋጁት መጻሕፍት «ምግብ ቤት» የሚል ምዕራፍ የሌለውን ማግኘት ያስቸግራል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ምዕራፉ ተማሪውን ሁልጊዜ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ሜኑ ይሰጡታል፣ ሾርባ ያዛል፣ ሒሳብ ይጠይቃል፣ አመስግኖ ይወጣል። ወገናችን በመጀመሪያዎቹ የስደት ዓመታት ወደዚያ ቤት በየትኛው በር እንደሚገባ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

እስቲ ሰዋስዉን እንመልከት። መጽሐፉ «አይ ዉድ ላይክ» በል ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርም። «ዉድ» የ«ዊል» ያለፈ ጊዜ ነው ተብሎ የተማረ ሰው፣ አሁን እየራበው ስለምን በኃላፊ ጊዜ ይናገራል? መልሱ ለአማርኛ ተናጋሪ ከባድ አይደለም። እኛ አክብሮትን በግሱ ላይ እንጭነዋለን። «አምጪልኝ» እና «ያምጡልኝ» ሁለቱም ትእዛዝ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ማንንም አያስቀይምም። እንግሊዝኛ አንቺንም እርስዎንም «ዩ» ብሎ ስለጨረሰ፣ ርቀቱን ከጊዜ ይበደራል። ይህን ያልነገሩት ሰው «ጊቭ ሚ» ይልና ባለጌ ይባላል። ባለጌ አይደለም፤ አክብሮቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቶ ነው እንጂ።

የቃላቱም ትምህርት እንዲሁ ነው። ከብቷ በሕይወት ሳለች ካው፣ ሳህን ላይ ስትቀርብ ቢፍ፤ አሳማው ፒግ፣ ሥጋው ፖርክ። ሸምድዱ ይባላል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡት ጌቶች ፈረንሳይኛ፣ ከብቱን የሚያረባው ገበሬ ደግሞ እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር። ታሪኩ እንዲህ በቢላ የተቆረጠ ባይሆንም፣ ቋንቋው ራሱ ማን እንደተቀመጠና ማን እንደቆመ መዝግቦታል። የመጽሐፎቻችን ደራስያን ግን የቆመውን ረስተውታል።

ለቆመው ሰው እንግሊዝኛ ደሞዙ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት አሠሪ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ በቀጥታ የሚከፍለው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ1991 ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ከዚህ በላይ የሚያስከፍሉ ክፍላተ ግዛቶች አሉ። ቀሪው በደንበኛው ፈቃድና በአስተናጋጁ አንደበት ይወሰናል። «አር ዩ ስቲል ወርኪንግ ኦን ዛት?» ማለት «ሳህኑን ላንሳው?» ማለት እንደሆነ የሚያስተምረው የትኛው ምዕራፍ ነው? (መብላትን ሥራ ያደረገ ሕዝብ!)

ከገንዘብም የሚብስ አለ። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ በእኛ ሰነድ «ሻል» ግዴታ፣ «ሜይ» ፈቃድ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። የምግብ ማሸጊያ ላይ ያለው «ሜይ ኮንቴይን» ግን ፈቃድ ሳይሆን «ሊኖርበት ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። በ2021 በወጣ ሕግ ሰሊጥ በአሜሪካ ዘጠነኛው ዋና የአለርጂ ምግብ ሆኖ፣ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በማሸጊያ ላይ መገለጽ አለበት። ሰሊጥን ለዓለም ገበያ ከሚያቀርቡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ስንቱ አስተናጋጃችን ግን «ሰሰሚ» ሲሉት ሰሊጥ መሆኑን ያውቃል?

ቃሉን ቢያውቅም ወጥመድ አለ። ደንበኛዋ «ሰሊጥ የለበትም አይደል?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች እንበል። በአማርኛ «አዎ» ብንል «አዎ፣ የለበትም» ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ «ዬስ» ብቻውን ሲቀር «አለበት» ተብሎ ሊሰማ ይችላል፤ «ኖ» ደግሞ «የለበትም» ነው። የእኛ ልጅ «ኖ» ሲሏት «አለበት» ማለት ይመስላታል። አለርጂ ላለበት ሰው ይህ የሰዋስው ስሕተት ሆኖ አይቀርም፤ አምቡላንስ ያስጠራል። በአንድ ቃል አለመመለስን፣ «ኢት ሃዝ ኖ ሰሰሚ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስን፣ ካላወቁም «ሌት ሚ አስክ ዘ ኪችን» ማለትን ለማስተማር ግማሽ ገጽ ይበቃል። ያየኋቸው መጻሕፍት ያን ግማሽ ገጽ ለሾርባ ዓይነቶች ሰጥተውታል።