ሸርጣኑን አትፈልጉ፤ ቅጠሉን እዩ

የሸርጣን መስታወት ቤት ፊት ቆማችሁ እንስሳው ወዲያው ከታያችሁ ጥርጣሬ ይግባችሁ። አዋቂ የሠራው ቤት እንግዳን ያስጠብቃል። መጀመሪያ የሚታየው የወደቀ ቅጠል ነው። ቆየት ብሎ ከቅርፊት ሥር ሁለት ቢጫ ዓይኖች ብቅ ይላሉ፤ ትንፋሻችሁን ከሰሙ ተመልሰው ይጠፋሉ።

የማወራው በንግድ ስሙ «ቫምፓየር» ስለሚባለው የጃቫ ሸርጣን ነው። ደም አይመጥም፤ ስሙን ያተረፈለት የዓይኑ ቀለም ነው። ጀርባው ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሳይንስ ስም ሳያወጣለት ዓመታት ሲሸጥ ሲለወጥ ቆይቶ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ፒተር ንግ፣ ክሪስቶፍ ሹባርትና ክሪስቲያን ሉክሃውፕ ሁለት ዝርያዎችን መዘገቡ፦ ሐምራዊውን ጂኦሴሳርማ ዴነርሌና ብርቱካናማውን ጂኦሴሳርማ ሀገን።

አሁን ቤቱን ወደ መፍረዱ እንግባ። መጀመሪያ የውሃውን መጠን ተመልከቱ። ይህ ሸርጣን በስንጥብ ቢተነፍስም ኑሮው የብስ ላይ ነው፤ ከውሃ የሚፈልገው ስንጥቡን ማርጠቢያና ገላውን መንከሪያ ያህል ብቻ ነው። ከቤቱ ሦስት አራተኛው አፈር፣ የቀረው ጥልቀት የሌለው ንጹህ ውሃ፣ መውጫውም ዘቅዛቃ ይሁን። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የገዛሁት ከግማሽ በላይ ውሃ ከሞላው ገንዳ ነበር። ሻጩ «የውሃ እንስሳ ናቸው» አለኝ፤ አመንኩት። ሁለት ወር አልቆዩልኝም። ዛሬም ቀለም በተቀባ ጠጠር ላይ ፏፏቴ የሚያስወርድ ቤት ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ባለቤቱ ከፈቀደላችሁ ክዳኑን ገልጣችሁ አሽትቱ። ዓይን የሚሸውደውን አፍንጫ ያጋልጠዋል። ጥሩ ቤት ክረምት ላይ ዝናብ ሲያባራ ጫካ የሚሸተውን ይሸታል። የገማ እንቁላል ከሸተታችሁ፣ ከሥር ውሃ ተኝቶ አፈሩ እየበሰበሰ ነው፤ ባለሙያው የውሃ ማጥለያ ጠጠር ከታች አላነጠፈም ማለት ነው። አፈሩ ሸርጣኑ ቆፍሮ የሚገባበት ያህል ጥልቅ፣ ጉድጓዱም የማይናድ መሆን አለበት። ቅጠሉን አንሡና እዩት። ሥጋው ተበልቶ ጅማቱ ብቻ ከቀረ፣ ከሥሩም ጥቃቅን ነጫጭ ነፍሳት ከተሯሯጡ ደስ ይበላችሁ፤ ቤቱ ራሱን እያጸዳ ነው። አንድም ያልተነካ ቅጠል የሌለበት ቤት ያረጀ ሳይሆን የሚኖርበት ቤት ነው።

ተክሉን በአበባው አትመዝኑት። ፈርንና የጃቫ ሞስ ጥላና እርጥበት ይሰጣሉ፤ ይበቃል። ይልቅ ተክሉ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ሸርጣን የነፍሳት የሩቅ ዘመድ ነውና ለነፍሳት የተረጨ መድኃኒት እሱንም ይገድላል፤ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒትም እንዲሁ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ። ሸርጣን ገመድ ተንጠላጥሎ ይወጣል፤ ወለል ላይ ደግሞ ስንጥቡ ደርቆ ይሞታል።

የባለቤቱን ችሎታ የምለካበት ሌላው ነገር የተጣለ ልባስ ነው። ሸርጣን የሚያድገው እንደ እባብ ልባሱን እየጣለ ነው። ባዶውን ቅርፊት በወረንጦ አንሥቶ «እንዳይቆሽሽ ብዬ» የሚል ሰው ገና ተማሪ ነው፤ ሸርጣኑ ያንን ቅርፊት መልሶ የሚበላው ለካልሲየሙ ነዋ! እግርም ቁጠሩ። የጎደለ እግር ቀጣይ ልባስ ሲጣል ተመልሶ ይበቅላል፤ የብዙዎቹ ከጎደለ ግን ወንዶቹ በዝተው እየተጣሉ ነው። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ነው ደንቡ። ሆዱ ሥር የታጠፈው ክዳን ጠባብ ከሆነ ወንድ፣ ሰፊ ከሆነ ሴት ናት።

ትልቁ ፈተና ግን ልጆቹ ናቸው። ገበያ ላይ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሸርጣኖች ልጆቻቸው ባሕር ካልደረሱ አያድጉም። የጃቫዋ ግን ጥቂት ትልልቅ እንቁላሎችን ሆዷ ሥር ተሸክማ ከጤፍ ጥቂት የሚበልጡ፣ አካላቸው የተሟላ ሸርጣኖችን ትፈለፍላለች፤ የእኛዎቹ የወንዝ ሸርጣኖችም ልማዳቸው ይኸው ነው። ለእነዚህ ልጆች መሸሸጊያ የሚሆነው ያ የቅጠል ክምር ነው። ሱቅ ውስጥ ያሉት የጃቫ ሸርጣኖች ግን ብዙዎቹ አሁንም ከጫካ ተለቅመው ነው የሚሸጡት። ስለዚህ ትልቅ፣ መካከለኛና ጤፍ የሚያህል ሸርጣን አንድ መስታወት ውስጥ ካያችሁ ወደ ሱቅ አትሂዱ፤ ከዚያው ባለቤት ተራ ያዙ።