ቆጣሪው ያላነበበው ልግስና

በመስጠት ላይ ዶክትሬት ይሠራል ብትባሉ ታምናላችሁ? የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በበጎ አድራጎት ጥናት ፒኤችዲ ይሰጣል። ከዘርፉ ቀደምት ምሁራን አንዱ ሮበርት ፔይተን በጎ አድራጎትን የተረጎመው ለሕዝብ ጥቅም በፈቃድ የሚደረግ ተግባር አድርጎ ነው። ልብ በሉ፤ ገንዘብ አላለም።

አሁን እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውን «ጊቪንግ ዩኤስኤ» የተባለ ዓመታዊ ሪፖርት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ 557 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተለግሷል ይላል። የሚቆጥረው ግን በዋናነት ለድርጅቶች የተሰጠውን ነው። ዋሽንግተን ያለች አክስታችሁ ለታመመ ጎረቤቷ ያዋጣችው የለበትም። ለቅሶ ቤት ወጥ ስትሠራ ያደረችበት ጉልበትም የለበትም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ቆጣሪው ስላላነበበ መብራቱ አልበራም አይባልም እኮ! በእርግጥ ተመራማሪዎቹ የበጎ ፈቃድ ሥራንም ያጠናሉ። በዜና ጎልቶ የሚወጣው ግን ዶላሩ ነው። እንዲህ ሲሆን ለጋስ የሚባለው ባለጸጋው ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ይህን ዘርፍ ለመማር የምታስቡ ካላችሁ፣ አንድ የቤት ሥራ እነሆ፦ እድርን የሚመዝን ሚዛን ሥሩ። ለዶክትሬት የሚበቃ ጥያቄ ነው።