ከአንድ ቃል ስንት ቃል ይወጣል?

ከረጅም ቃል ሌሎች ቃላት የማውጣት ጨዋታ ወረቀትና እስክሪብቶ ካለ ይበቃዋል። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ስንጫወት ጀማሪዎች ፊደሎቹን እንደ ቆሎ ሲያምሷቸው አያለሁ። እኔ ከትርጉም በፊት የማየው የትኛው ፊደል ግዕዝ፣ የትኛው ራብዕ፣ የትኛው ሳድስ እንደሆነ ነው። በእንግሊዝኛው ስክራብል አናባቢ ለብቻው ተነሥቶ ያሻው ቦታ ይገባል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን ተሸክሞ ስለሚዞር «ከ» ባለበት «ኩ» አይገኝም። ይህ ገደብ ራሱ መንገድ ይጠቁማል።

«ስለተመካከረ»ን እንውሰድ። ለ፣ ተ፣ መ፣ ከ፣ ረ ግዕዝ ናቸው፤ ባለሦስት ፊደል ኃላፊ ግስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም ፊደሉ ግዕዝ ነው። ከአምስቱ ሦስት ሦስት እየመረጡ ቢደረድሩ 60 አማራጭ ይወጣል፤ በትዕግሥት የሚያልቅ ሥራ ነው። መከረ፣ ከረመ፣ ከመረ ከአንድ ሦስትዮሽ ይወለዳሉ። መከተና ከተመ፣ ከተረና ተረከም እንዲሁ። ተከለ፣ ተለመና መተረ ይከተላሉ። ቀጥሎ ራብዑን «ካ»ን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ መሞከር ነው፦ ለካ፣ ረካ፣ ተካ።

ሳድስ የበዛበት ቃል ስም ያበዛል። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ደሴት ገዳም፣ ክብራን ገብርኤል፣ ክብ፣ ክር፣ ብር፣ ንብ፣ ልብ፣ ልክ፣ ብል ይሰጣል። ክብርና ብርክም ከዚያው ይወጣሉ። ከፎገራ በኩል ጣና የሚገባው ወንዝ ርብ ሳይቀር እዚያው ስም ውስጥ አለ፤ ግን የቦታ ስም ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ጠቡ የሚነሣው እንዲህ ባለው ላይ ነው።

የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ እነዋሸራና ጎንጅ፣ ተማሪውን ግስ የሚያስገሥሡት ከቃሉ ሥር እንዲነሣ ነው። ለጨዋታችንም የሚያስፈልገው ያው ዐይን ነው።

ጠብ እንዳይነሣ ሕጉ አስቀድሞ ይወሰን። ከተማችን «ባሕር ዳር» ተብላም «ባህር ዳር» ተብላም ትጻፋለች፤ ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠሩ እንደሆነ ሳንስማማ አንጀምርም። «ተ» እየቀጠሉ ተመከረ፣ ተከመረ ማለት ዝርዝሩን ብቻ ያስረዝማል። በእኛ ጠረጴዛ ሥሩ ሁለት ነጥብ፣ ርቢው አንድ ነጥብ ያገኛል። ይህን ደንብ ካወጣን ወዲህ ወረቀቱ አጠረ፤ ክርክሩ ግን ጣፈጠ።