«በስንት ይነዳ ነበር?»



ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ከደጃችሁ የራቀ አይደለም። ይህችን ገጽ በምታነቡበት ሰዓት እንኳ በመስኮታችሁ ሥር እያለፈ ይሆናል። ስለ መኪና አደጋ ሲወራ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሩቅ አገር መንገድ፣ ገደል ወደገባ አውቶብስና በሬዲዮ ወደሚነገር የሟቾች ቁጥር ነው። የኔ ነገር ግን ልጆቻችን ከመድረሳ የሚመለሱባት፣ እናቶቻችን ከሱቅ ሽንኩርት ይዘው የሚሻገሩባት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ናት።

ሰፈራችን በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ከዋናው አስፋልት እስከ መስጂዱ ስድስት መቶ ሜትር ያህል የምትሆን መንገድ አለችን። ድሮ አፈር ነበረች፤ በክረምት ጭቃዋ ጫማ ያስቀር ነበር። ከዚያ ኮብልስቶን ተነጠፈባት። መኪናው ሁሉ እየተንገጫገጨ፣ ሹፌሩም ጎማውን እያዘነ ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር። በመጨረሻ አስፋልት ሆነች። ለዚህ እኛም ገንዘብ አዋጥተናል፤ ሥራው ያለቀ ዕለትም በሬ ታርዶ ዱዓ ተደርጓል። በዚያ ዱዓ ላይ አንድ ሰው እንኳ «መንገዱ ሲለሰልስ መኪናው ምን ይሆናል?» ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከዓመት በኋላ፣ በረመዷን፣ መግሪብ ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሳምቡሳ እንዲገዛ ተላከ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ልጁን የገጨው ሰው ከሌላ አገር የመጣ ወሮበላ አልነበረም። ከጀማዓችን የሆነ፣ ለየቲሞች እጁ የማይታጠፍ፣ በመጀመሪያው ሶፍ የምናውቀው ወንድማችን ነበር። ቤቱ ለማፍጠር እየቸኮለ ነበር።

ልጁ አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ወራት ተኛ፤ ዛሬ አንደኛው እግሩ ከሌላው አጠር ይላል። ውድ አንባቢያን፣ ባይሞትም ጥፋታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ስላልሞተ ሁላችንም እፎይ አልንና ነገሩን ዘጋነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሹፌሩ የሕክምናውን ወጪ ሸፍኗል፤ ተንበርክኮም አልቅሷል። እኛም «የአላህ ቀደር ነው፤ ከዚህ የባሰም አለ» አልን። ይቅር ተባባሉ ተባለ፤ ቡና ተፈላ። ልንነሳ ስንል የልጁ እናት ከጓዳው በር ላይ ቆማ፣ «አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ሰውየው ያን ዕለት በስንት ይነዳ ነበር?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሹፌሩ አቀረቀረ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ፣ «ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው፤ ፍጥነቱን ማወቅ አሁን ምን ይፈይድልሻል?» አሏት። «ሌላ ልጅ አለኝ» አለች። የመለሰላት የለም። ጫማችንን አድርገን ወጣን።

ወንድሞቼ ሆይ፣ እህቶቼ ሆይ! ያችን ዝምታ ዛሬ ልወቅሳት ነው። በቀደር ማመን የኢማን ማዕዘን ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን እኛ በዚያ ቀን ቀደርን ያነሳነው ያመመንን ልብ ለማጽናናት ነበር ወይስ ጥያቄን አፍ ለማስያዝ? ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ በተመለሱ ጊዜ፣ ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉን ተብለው መጠየቃቸውን፣ እሳቸውም ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው እንደሚሄዱ መመለሳቸውን ስንቱ ኹጥባ ላይ ሰምተናል! ለወረርሽኝ የገባን ነገር ለመሪና ለፍሬን ሲሆን ለምን ይጠፋብናል? ደግሞም ሸሪዓችን ሳያስበው ሰው የገደለን እንኳ «ቀደር ነው» ብሎ አላሰናበተውም። ለቤተሰቡ የደም ካሳ ጥሎበታል፤ በራሱ ላይ ደግሞ ከፋራ፣ ነጻ የሚያወጣው ባሪያ ካላገኘ ሁለት ወር ተከታታይ ጾም። ሁለት ወር ሙሉ የሚጾም ሰው ጥያቄውን በየዕለቱ ያስታውሰዋል። እኛ ግን በአንድ ሲኒ ቡና ጨረስነው።

እስቲ አሁን ለእናትየው ጥያቄ እንድረስላት። አንድ ሹፌር አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰኮንድ ያህል ይወስድበታል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሰኮንድ 8 ሜትር ይጓዛል፤ አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ በጠቅላላው 13 ሜትር ላይ ይቆማል። በ50 የሚሄደው በሰኮንዷ ብቻ 14 ሜትር ያህል ሄዷል፤ እስኪቆም 28 ሜትር ይፈልጋል። በ60 ከሆነ 37። እንግዲህ ልጁ አሥራ አራት ሜትር ፊት ለፊት ብቅ አለ እንበል። በ30 የሚነዳው ሰው አንድ ሜትር ሲቀረው ቆሞ፣ ደንግጦ፣ ልጁን ተቆጥቶ ይሄዳል። በ50 የሚነዳው ፍሬኑን ገና ሲረግጥ ልጁ ዘንድ ደርሷል፤ የሚመታው በ50ው ነው። «ፍሬን ይዤ ነበር እኮ!» የሚሉ ሹፌሮች አይዋሹም፤ የያዙት ካለፈ በኋላ ነው።

ምቱስ? ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የምቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 መመታት ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ፣ ማለትም ከአንድ ፎቅ የመውደቅ ያህል ነው። በ50 ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ሦስተኛ ፎቅ መሆኑ ነው። ልጃችሁ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ብታዩ ምን ትላላችሁ? ቀደር ነው ብላችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ?

የተገኘው ትርፍ ደግሞ ያሳፍራል። የኛን ስድስት መቶ ሜትር በ60 የሚያልፍ ሰው 36 ሰኮንድ ይፈጅበታል፤ በ30 የሚያልፈው 72። ልዩነቱ ግማሽ ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ የሚገኘው ፊጥር ምን ዓይነት ፊጥር ነው? ፊጥርን ማቻኮል ሱና መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ግን ሱናው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አለማዘግየት እንጂ ከመጥለቋ በፊት መብረር አይደለም። አንድ ተምርና አንድ ጠርሙስ ውሃ መኪናው ውስጥ ያስቀመጠ ሰው መንገድ ላይ ቢመሽበትም ሱናውን አላጣም። ለሰላት እንኳ፣ ኢቃማ ተብሎም ቢሆን፣ በእርጋታ ተራመዱ እንጂ አትሩጡ ተብለናል። በእግር የተከለከለ ሩጫ በአንድ ሺህ ኪሎ ብረት የተፈቀደ ይመስል!

«ጥፋቱ የነሱ ነው» የምንላቸው ሰዎች አሉን፤ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሲኖትራክ። ይህን ለማጣራት አንድ ቀን ከዐስር እስከ መግሪብ መስጂዱ አጥር ሥር በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። መቶ ሜትር በገመድ ለክቼ ሁለት ድንጋይ ላይ ኖራ ቀባሁ። ዘዴው ቀላል ስለሆነ እናንተም ሞክሩት፤ መኪናው መቶውን ሜትር በ12 ሰኮንድ ካለፈ በ30 ይነዳል፤ በ6 ካለፈ በ60። ሲኖትራክ አንድም አላለፈም። የሚበሩት እኛው ነን። እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላምታ የሰጡኝ ወንድሞች በ7 እና በ8 ሰኮንድ አለፉ። አማቼ በ7 አለፈ። በማግሥቱ ደግሞ ትንሹ ልጄ ሰዓቱን ይዞ እኔኑ ለካኝ፤ 8 ሰኮንድ። በ45 ማለት ነው። በሌላ ሰው ሰፈር ሳልፍማ ስንት እንደምሆን አላህ ይወቅ።

አንዳንዱ ወዲያው «ጉብታ እንሥራ!» ይላል። እኛም ሠርተናል፤ እሱም ይወቀስ። ወጣቶቹ በአንድ ሌሊት ሲሚንቶ አቡክተው እንደ ግንብ የቆመ፣ ጠባብና ረጅም ነገር አቆሙ። ቀለም የለውም፤ ምልክት የለውም። ሞተር ብስክሌተኛ በጨለማ ወደቀበት። ምጥ የያዛት እህታችን በታክሲ ስታልፍ ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሹፌሮቹም እሱን ካለፉ በኋላ የባከነውን ጊዜ ለመመለስ ይበልጥ ይፈተለኩ ነበር። አንድ ሌሊት ማንም ይሁን ማን በመዶሻ አፈረሰው፤ እውነቱን ልናገርና አላዘንኩም።

ደህና የተሠራ ጉብታ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሰፋው። ከፍታው ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ስፋቱ በመኪናው መሄጃ አቅጣጫ አራት ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ቀስ ላለ ሰው እንደ ሕፃን እሹሩሩ ነው፤ ለቸኮለ ሰው ግን ራስ ከጣሪያ ያጋጫል። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ በመካከሉ ለመፍጠን ጊዜ እንዳይገኝ ተቀራርቦ መደጋገም አለበት፤ ቀለም ይቀባል፤ ማታ እንዲታይም ይደረጋል። ሌላም መላ አለ። መሻገሪያውን ከእግረኛው መንገድ እኩል ከፍ ማድረግ፣ መግቢያውን ማጥበብ፣ ሰፊውን ኩርባ ማጥበብ። ሹፌር ቦርዱን አያነብም፤ የሚያነበው መንገዱን ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ሠርተን «ቀስ በል» የሚል ቦርድ መስቀል፣ ማዕድ ዘርግቶ «አትብሉ» እንደማለት ነው።

ይህ ሕልም አይደለም። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 በመንገድ አደጋ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ሞቶ ነበር፤ ከነዚህ ውስጥ ከአራት መቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች ወደ አደባባይ ወጡ፤ የልጆች ግድያ ይቁም ብለው በግልጽ ስሙን ጠሩት። በዴልፍት ከተማ ነዋሪዎች በየደጃቸው ዛፍና አግዳሚ አቁመው መኪና በእግረኛ እርምጃ የሚያልፍበት የሰፈር መንገድ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሕግ ሆነ። የኦስትሪያዋ ግራዝ በ1992 ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች በስተቀር ከተማዋን በሙሉ 30 አደረገች። የስዊድን ፓርላማ በ1997 በመንገድ የሚሞት ሰው ዜሮ እንዲሆን ግብ አጸደቀ። በ2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡ መንግሥታት እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ 30 እንዲሆን ተስማሙ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዓመት ተቀበለው። ሄልሲንኪ በ2019 አንድም እግረኛ አልሞተባትም፤ በ2025 ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ በመንገዷ ላይ ማንም ሳይሞት አለፈ። እነዚህ ሰዎች ከኛ የተለየ አጥንት የላቸውም። የእናትየውን ጥያቄ ግን መለሱላት።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል ቀዳሚው ይኸው እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በአዲስ አበባችን ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለአንድ ጠዋት ከመኪና ነጻ ሲደረጉ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ ያየ ሰው፣ ልጆቻችን ምን እንደተነፈጉ ያን ቀን አይቶታል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ይህኛው ይከፋል፣ ግን ይባል። ጁሙዓ ሲሆን መኪናችንን የት ነው የምናቆመው? በእግረኛው መንገድ ላይ። አዛውንቱና ሕፃኑ ወደ መኪናው መሄጃ ይወርዳሉ፤ እኛ ደግሞ ውስጥ ገብተን ስለ መንገድ ሐቅ ኹጥባ እንሰማለን። ሶሐቦች መንገድ ዳር መቀመጥ ግድ ሆኖብናል ባሉ ጊዜ የመንገዱን ሐቅ ስጡ ተብለው ነበር፤ ከሐቁም አንዱ ሰውን አለማስቸገር ነው። ለተቀማጭ ሰው ይህ ከሆነ ለቆመ መኪናስ?

ልኬቱንና የነዋሪዎቹን ፊርማ አያይዘን ለወረዳው ማመልከቻ አስገብተናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ወጣቶቹ አሮጌ ጎማ በኖራ ቀብተው፣ አፈር ሞልተው፣ አበባ ተክለውበት በመግቢያው ግራና ቀኝ አስቀምጠዋል፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ማለፍ ስለማይችል አንዱ ለአንዱ ይቆማል። ጎማዎቹን በነጻ ያመጣው ያ ወንድማችን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዐስር ላይ በርጩማዬን ይዤ ወጥቼ ነበር፤ እሱ በ14 ሰኮንድ አለፈ። ልጁም በወዲያኛው በኩል ቁርኣኑን አቅፎ፣ እንደ ልማዱ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እያነከሰ ወደ መድረሳው ይሄድ ነበር።