ሲሮጡ የታጠቁት፦ በአሮጌ ጎልፍ ላይ ስለሚገጠም ትልቅ ሞተር

«ስንት ፈረስ አለው?»

ባለፈው የብርድ ወራት ፍራንክፈርት ዳር በሚገኝ አንድ የኪራይ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ስምንት ወጣቶች አንዲት አሮጌ ጎልፍ ከበው ቆመው ሳለ፣ በበሩ የገባው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር። «ፍሬኑስ?» ያለ ግን አልሰማሁም። የዛሬው ጽሑፌ የተነሣው ከዚያች ካልተጠየቀችው ጥያቄ ነው።

መኪናዋ የጎረቤቴ ልጅ ንብረት ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራች የሁለተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ነች። እንግሊዞች «ሆት ሃች» ከሚሏቸው፣ መልካቸው የቤተሰብ መኪና፣ ጠባያቸው ግን የእሽቅድምድም ከሆነው ወገን ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1.8 ሊትር፣ 110 ፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ሞተር ነበራት። ልጁ የሁለት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ደመወዙን አጠራቅሞ፣ ከተጋጨች የሦስተኛው ትውልድ ጎልፍ ላይ የወረደ፣ ቪ.አር.6 የሚባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር፣ 174 ፈረስ ጉልበት ሞተር ገጠመባት።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «አሮጌ መኪና እንደ ተሠራች ትኑር፤ ሞተሯን መለወጥ ነፍሷን ማውጣት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጉልበት ሲጨመር መኪና ይሻላል» ባይ ነው። እንደኔ አስተያየት ሁለቱም ታሪኩን በቅጡ አላዩትም።

የመጀመሪያዋ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ለሕዝብ የታየችው እዚሁ ፍራንክፈርት በ1975ቱ የመኪና ትርኢት ላይ ነው፤ ለገበያ የቀረበችው በ1976 ነበር። ሐሳቡን የጠነሰሱት ጥቂት የፎልክስቫገን ሠራተኞች ሲሆኑ፣ መጀመሪያ ሊሠራ የታሰበው 5,000 መኪና ብቻ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? አውዲ 80 ጂ.ቲ.ኢ. ይጠቀምበት የነበረውን 1.6 ሊትር፣ 110 ፈረስ ጉልበት ሞተር በትንሿ የቤተሰብ መኪና ኮፈን ሥር አስገቡት። እንግዲህ ዛሬ «አትንኳት» የምትባለው መኪና ራሷ ሞተር በመለወጥ የተወለደች ናት ማለት ነው። የመጀመሪያው ወገን ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል።

የሁለተኛውም ክርክር ቢሆን ከዚሁ ታሪክ አያመልጥም። እነዚያ ሰዎች ሞተሩን አስገብተው እጃቸውን አልታጠቡም። የፊቱ ፍሬን አየር የሚያሳልፍ ዲስክ ሆነ፤ መኪናዋ ወደ መሬት ዝቅ አለች፤ ሞላና አሞርዛተሯ ጠነከረ፤ ጎማዋም ሰፋ። ክብደቷ 800 ኪሎ ከጥቂት በላይ ብቻ ስለነበር ያ 110 ፈረስ በቂዋ ነበር። ፋብሪካው በ1982 ሞተሩን ወደ 1.8 ሊትር ሲያሳድገው የፈረሱ ቁጥር ከ110 ወደ 112 ብቻ ከፍ አለ። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙርም መሳብ ስለ ቻለ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ቀረ። ፈረስ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ለውጥ ከንቱ ሊለው ይችላል፤ የነዳው ግን ያውቀዋል።

የፈረንሳዮቹም ሥራ ይህንኑ ይመሰክራል። ፔጆ 205 ጂ.ቲ.አይ.ን በ1984 በ1.6 ሊትር ሞተር አወጣ፤ በ1986 ደግሞ 1.9 ሊትር፣ 130 ፈረስ ጉልበት ያለውን ጨመረ። ሞተሩ ሲያድግ የኋላው ታምቡር ፍሬን ወደ ዲስክ ተለወጠ፤ ቸርኬውም ከ14 ኢንች ወደ 15 ከፍ አለ። ይህም ሁሉ ተደርጎ እስከ ዛሬ ድረስ ትንሿን 1.6 የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ በከፍተኛ ዙር ስትሮጥ ሞተሯ ይበልጥ ይጫወታል ይላሉ።

ወደ ልጁ ሥራ ልመለስ። ስወቅሰው በፊት የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። የሞተር ምርጫው አስተዋይ ነው። ቪ.አር.6 ሲነደፍ ጀምሮ የታሰበው ባለ አራት ሲሊንደር በሚቀመጥበት ቦታ ስድስት ሲሊንደር በአግድም ለማስገባት ነው። ሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች በ15 ዲግሪ ብቻ ስለሚራራቁ አንድ ቴስታታ ለሁለቱም ይበቃል። አሮጌው ካምቢዮ ይህን ጉልበት እንደማይችል ስለ ተረዳም የቪ.አር.6ን የራሱን ካምቢዮ ገጠመ። ያም ቀላል አልነበረም፤ የድሮው ፍሪሲዮን በካቦ የሚሳብ ሲሆን አዲሱ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው፤ የድሮው ማርሽ በዘንግ የሚለወጥ ሲሆን አዲሱ በካቦ ነው። ስለዚህ ፔዳሎቹም፣ የማርሽ መለወጫውም አብረው ተቀየሩ። ሽቦውን አንድ በአንድ ለይቶ፣ ጠቅልሎ፣ እንደ ፋብሪካ ሥራ አስመስሎ አስቀምጦታል። ድምፁስ? ወፈር ብሎ ለስለስ ያለ፣ ከአራት ሲሊንደር ጩኸት ጋር የማይገናኝ ነው። እጁ የባለሙያ እጅ መሆኑን እመሰክራለሁ።

አንድ ማታ «ጋሼ፣ ይግቡና ይሞክሯት» አለኝ። መኪናዋ ገና ምርመራ አላለፈችም ነበር። መግባት አልነበረብኝም፤ ገባሁ። ዳገቱን ስንወጣ ከወንበሩ ጋር ተጣበቅሁ። ስንመለስ መንገዱ ረጥቦ ነበር። ቁልቁለቱ ግርጌ መብራቱ ቀይ ሆነ። ልጁ ፍሬን ያዘ፤ አፍንጫዋ የከበደው መኪና ግን ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ ተንሸራተተች። የቆምነው መስመሩን አልፈን፣ የእግረኛው መሻገሪያ ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሚሻገር ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሞተሩን አዩት?» አለኝ።

«ፍሬኑንም አየሁት» አልኩት። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። በየማለዳው ታናሽ እኅቱን ትምህርት ቤት ሊያደርስባት ያሰባት መኪና ይህችው ነበረች።

ነገሩ ዕድል አልነበረም፤ ስሌት ነው። ፍሬን የሚሸከመው ሸክም የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ከ100 ወደ 140 ኪሎ ሜትር የጨመረ ሰው ፍጥነቱን ያሳደገው 40 በመቶ ነው፤ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ኃይል ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዚያ ላይ የስድስቱ ሲሊንደር ክብደት በሙሉ ያረፈው በፊት ጎማዎች ላይ ነው። እነዚያው ጎማዎች መኪናዋን ይስባሉ፣ ያዞራሉ፣ አብዛኛውንም ፍሬን ይሸከማሉ። ባለ ቀኝ መሪ የመጀመሪያው ትውልድ ጎልፍ ያላችሁ የብሪታንያ ነዋሪዎች ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የፍሬኑ ማገዣ በግራ በኩል ስለቀረ ከፔዳሉ ጋር የሚገናኘው መኪናውን በሚያቋርጥ ዘንግ ነው፤ ደካማነቱም በትንሹ ሞተር እንኳ የታወቀ ነው።

የሚያሳዝነው መድኃኒቱ በእጁ ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ሞተሩን ያወረደባት የተጋጨችው ጎልፍ 280 ሚሊ ሜትር የፊት ዲስክ፣ በአምስት ብሎን የሚታሰር ቸርኬና ለዚያ ሞተር የተሰናዳ የእግር ዕቃ ነበራት። ልጁ ሞተሩንና ካምቢዮውን ወስዶ የቀረውን ለብረታ ብረት ሰጠ። ፍሬኑን ፍለጋ ሲመለስ መኪናዋ ተጨፍልቃ አገኛት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነው።

ሕጉም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እዚህ ጀርመን እንዲህ ያለ ለውጥ በባለሙያ ተመርምሮ በሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ የመንገድ ፈቃዱ ይወድቃል፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ለተጎዳው ከከፈለ በኋላ ፊቱን ወደ ባለ መኪናው ሊያዞር ይችላል። ሠላሳ ዓመት ላለፋት መኪና የሚሰጠውን የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ የሚያስብም፣ ለውጡ በመኪናዋ ዘመን የተለመደ መሆኑን ያስረዳ ዘንድ ይጠየቃል። ብሪታንያ ያላችሁ የሞተሩን ለውጥ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤትና ለኢንሹራንሳችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ የምትገጥሙት ሞተር ከመኪናው የሞዴል ዓመት ያላረጀ፣ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቹም የተሟሉ መሆን እንዳለባቸው አትርሱ። ብዙ ወጣት ይህን ሁሉ የቢሮ ተንኮል አድርጎ ያየዋል። መሻገሪያው ላይ የቆመ ሰው ግን እንዲህ አያየውም።

በአገራችን ሞተር የሚለወጠው አሮጌው ሲሞት ነው፤ ለችግር የተደረገ ነውና ፍጥነት የሚያስብ የለም። እዚህ የሚለወጠው ለደስታ ነው። ደስታንም አልነቅፍም፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያነሣ ለሚያድር ወጣት በገዛ እጁ የሠራው ነገር ትልቅ ክብር ነው። የምለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው። መጀመሪያ መርማሪውን ማማከር፣ ቀጥሎ ፍሬኑን፣ ሞላውንና ጎማውን ማሰናዳት፣ ሞተሩን በመጨረሻ ማስገባት። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ 1.8ቷን በደንብ አድርጎ ማደስ ውርደት የለበትም፤ ባለሙያ ያደሳት 1.8 ዛሬም ፈገግ ታሰኛለች።

የጎረቤቴ ልጅ መኪናዋን ጋራዥ ውስጥ ሸራ አልብሷት እንደ ገና የሌሊት ፈረቃ ገብቷል። በዚህ ጊዜ የሚያጠራቅመው ለፊትና ለኋላ ፍሬን ነው። እኅቱ በአውቶቡስ ትሄዳለች። ጓደኞቹ እየመጡ ሸራውን ገለጥ አድርገው «ስንት ፈረስ አለው?» ማለታቸውን አልተዉም። እሱ ግን አሁን ከቁጥሩ በፊት «ገና አልቆመችም» ይላቸዋል። ወጣቶቹ ይሥቃሉ፤ እሱና እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ እናውቃለን።